የሰባት ሰዓቱ ጨዋታ

ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ሲኖር ከእኔ ጋር መቀመጥ የሚወድ ሰው የለም። ልጆቼ «አባባ ዛሬ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ተነስቶ ይወጣ ይሆን?» እያሉ ይወራረዱብኛል። እውነታቸውን ነው። አንዱ ተጫዋች ሳይነኩት ወድቆ መንከባለል ሲጀምር፣ አሰልጣኙም ከዳር ቆሞ ፈገግ ሲል ካየሁ፣ ጫማዬን አጥልቄ ውጭ ነኝ። ትልቁ ልጄ «ይሄማ ብልጠት ነው አባባ፤ ኳስ እኮ እንዲህ ነው» ይለኛል። ብልጠት! እኔ ብልጠት የሚሉት ነገር ሰው ሲገድል አይቻለሁ። ለልጆቼ በወጉ አውርቻቸው አላውቅም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። እኔ ያን ጊዜ ጎሬ ከተማ ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ እሰፋ ነበር፤ ከሥራ መልስ ደግሞ የከተማው ቡድን በረኛ ነኝ። በረኛነቴ መካከለኛ ነበር። ሰዓት በመግደል ግን የሚስተካከለኝ አልነበረም። እየመራን ከሆነ የጫማዬ ክር በየአምስት ደቂቃው ይፈታል፣ ዓይኔ ውስጥ ትንኝ ይገባል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል። ተመልካቹ ይስቃል፣ ተጋጣሚ ይበግናል። ይህን ሁሉ ያስተማረን አሰልጣኛችን ሃምሳ አለቃ በቀለ ነበር። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። «ጠላታችሁን በጉልበት ብቻ አታሸንፉትም፤ አናዱት፣ አድክሙት» ይለን ነበር።

ደምሴ ግን በዚህ ትምህርት ሰነፍ ነበር። የጎረቤቴ የጋሽ ወልዴ ልጅ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አብሮ አደጌ ነው። አጥቂያችን እሱ ነበር። ቢጠልፉትም ተነስቶ ይሮጣል እንጂ መሬት ላይ አይቆይም። ሃምሳ አለቃ «አንተ ልጅ፣ መውደቅ እንኳ አትችልም!» እያለ ይቆጣዋል። ደምሴ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ ሄዶ ክለብ መግባት። ያኔ ክለብ የገባ ሰው ሥራ ይቀጠራል፣ ደመወዝ አለው፣ ኳስ እንጀራው ይሆናል። ለዚያ ደግሞ መንገዱ አንድ ነበር። የጠቅላይ ግዛቱን ዋንጫ የበላ ቡድን አዲስ አበባ ሄዶ ይጫወታል፣ የክለብ ሰዎችም እዚያ ቆመው ያያሉ። እኛ ለፍጻሜ ደረስን። ተጋጣሚያችን ጋምቤላ፣ ሜዳውም የእነሱ ሆነ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው የወረድነው። በቡና ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን፣ ከጎሬ ጭጋግ ተነስተን ቡሬን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ መጀመሪያ ሹራብ አወለቅን፣ ቀጥሎ ሸሚዝ፣ ጋምቤላ ስንደርስ የሚወልቅ ነገር አለቀብን። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊት ላይ ይመጣል። ባሮ ወንዝ ከማንጎው ዛፎች ሥር ተኝቷል። ዘለን ልንገባ ስንል ሃምሳ አለቃ ጮኸብን።

«ማንም ይህን ውሃ እንዳይነካ! የቆላ ውሃ ወባ ነው። የምትጠጡት ከቤታችን ያመጣነውን ብቻ ነው!»

አትሳቁ። ያን ጊዜ ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያምነው፤ ወባን ከትንኝ ይልቅ ከውሃ ነበር የምንፈራው። ከጎሬ ምንጭ በጀሪካን የቀዳነውን ውሃ ይዘን ነበር። በዚያ ሙቀት ማታውኑ ጨረስነው።

የጋምቤላ ቡድን መሪ አቶ ሽፈራው ይባላል። እሱም እንደኛው የደጋ ሰው ነው፣ ለሥራ ወርዶ እዚያው የቀረ። እያቀፈ ተቀበለን፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ክፍል ሰጠን፣ ምንጣፍም አስነጠፈልን። ጨዋታው በማግስቱ አሥር ሰዓት፣ ፀሐይ ስትበርድ እንደሚሆን ከወር በፊት የተስማማንበት ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ግን ፈገግ እያለ መጣ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ጨዋታው ሰባት ሰዓት ላይ ሆኗል። የክብር እንግዳው በጊዜ መሄድ አለባቸው።»

«ሰባት ሰዓት? በዚህ ፀሐይ?»

«ፀሐይዋ ለእናንተ ብቻ ነው እንዴ የምትወጣው? የኛም ልጆች ከሥሯ ናቸው። ደግሞ ሰዓት የሚወስነው አስተናጋጁ ነው፤ ደንቡን ያውቁታል።»

ደንቡ እውነትም እንደዚያ ነበር የሚለው። ሽፈራው ሲሄድ ሃምሳ አለቃ ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ እሱ እቴ! ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ። «ይሄ ሰው ብልጥ ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አደርገዋለሁ።» ሐሰቱን አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የጋምቤላ ልጆች ጎሬ መጥተው በዚያ ብርድ ያለ ብርድ ልብስ ያሳደርናቸው እኛው ነን። ጠዋት ሲንቀጠቀጡ ወደ ሜዳ ሲገቡ ከተማው በሙሉ ስቋል።

ሽፈራው ከሄደ ብዙም ሳይቆይ አንድ ረጅም ሰው በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ኡጁሉ ነበር፣ የጋምቤላ ቡድን አምበል። አኙዋክ ነው። በክረምት የሱዳን ጀልባዎች ሲመጡ ወደብ ላይ ጭነት ይሸከማል። አማርኛ ያወቀው ከደገኛ ነጋዴዎች ነው፤ ለትንሹም ለትልቁም «አንተ» ነው የሚለው። ማንም አይቀየመውም ነበር።

«ዛሬ ፀሐይ መጥፎ ነው» አለ ለሃምሳ አለቃ። «እኛ በዚህ ሰዓት ጥላ ሥር ነው የምንሆነው፤ ከብትም አይወጣም። ሽፈራውን ነገርኩት፣ እምቢ አለ። አንተም እምቢ በል። ሁለታችንም እምቢ ካልን ጨዋታ የለም።»

ሃምሳ አለቃ አመስግኖ ሸኘውና ወደ እኛ ዞረ። «አያችሁልኝ? እምቢ ብለን ፎርፌ እንዲበሉ ነው የላኩት! ፈርተውናል ማለት ነው። በሉ ተነሱ!»

ደምሴ ብቻ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ሰውዬው እውነቱን ቢሆንስ?» አለ።

«አንተ ገና ልጅ ነህ። ብልጥን በብልጠት ነው» ተባለ።

ሰባት ሰዓት ላይ ሜዳ ገባን። ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ነጭ ሆኗል። የጫማዬን ሶል አልፎ እግሬን ይፈጀኛል። ተመልካቹ በሙሉ ዛፍ ሥር ነው፤ የክብር እንግዳውም ጃንጥላ ተይዞላቸዋል። እኔ በረኛ ስለሆንኩ ቆሜ ነበር የምጠብቀው፤ ያም ሆኖ ዓይኔ ይጨልምብኝ ነበር። የሚሮጡትን እናንተው አስቡት።

ዕረፍት ሳንወጣ ደምሴ አገባ። ይይዘው የነበረው ኡጁሉ ነው፤ አልፎት ሄዶ ጎል! ያበድነውን ማበድ አልነግራችሁም። አዲስ አበባ የገባን መሰለን። ደምሴ ግን ሲመለስ አልዘለለም፤ ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ።

ለዕረፍት ስንወጣ ለእኛ የቀረን የተላጠ ብርቱካን ብቻ ነበር፤ እሱም ሞቆ ነበር። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። ይህን ጊዜ ኡጁሉ ትልቅ ቅል ውሃ በሁለት እጁ ይዞ ከእነሱ ጥላ ወደ እኛ ተሻገረ። የራሱ ሰዎች ከኋላ ይጮሁበታል፤ ሽፈራውም «ኡጁሉ! የት ነው?» ይላል። አልዞረም።

«ጠጡ» አለን። «ካልጠጣችሁ ትወድቃላችሁ።»

ደምሴ እጁን ዘረጋ። ሃምሳ አለቃ መሃል ገባ።

«ቆይ! ከየት ነው የተቀዳው?»

«ከባሮ።»

«ምን ጨመራችሁበት?»

ኡጁሉ መጀመሪያ አልገባውም ነበር። ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። ቅሉን ወደ አፉ አድርጎ እያየነው ጠጣ፣ አገጩንም ጠረገ። «ይኸው። ምንም የለም።»

«እናንተማ ለምዳችሁታል» አለ ሃምሳ አለቃ። ቅሉን ተቀብሎ መሬት ላይ ደፋው። ያ ነጭ መሬት በአንድ ጊዜ መጠጠው። «እየመራን ሳለ ሆዳችንን ሊያበላሹት! ሽፈራውን አላወቃችሁትም!»

ደምሴ እርጥቡን ቦታ ሲያይ ቆየ። ኡጁሉ ባዶ ቅሉን ይዞ ተመለሰ። ሃምሳ አለቃ ክፉ ነበር አልላችሁም፤ ይወደን ነበር። ግን የሚያውቀው ያንኑ ብቻ ነበር፤ ሰው ያለ ተንኮል ውሃ ያቀብላል ብሎ ማሰብ አቃተው። ጠዋት በሰዓቱ የተሞኘ ሰው ቀትር ላይ ውሃውን እንዴት ብሎ ይመን?

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ትእዛዙ፣ «አንድ ለባዶ በቂ ነው፤ ውደቁ፣ ተኙ፣ ሰዓት ግደሉ» የሚል ነበር። ልጆቹ በየተራ ወደቁ። ዳኛው ተሰላቸ፣ ተመልካቹ መስደብ ጀመረ። ሽፈራው ከዳር «እያስመሰሉ ነው! አስነሳቸው!» ይላል። በዚህ መሃል ነው ደምሴን ያየሁት። ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሄድ እሱ ወደ ግራ ይራመዳል። አረማመዱ የሰካራም ነው። ከጎሌ ሆኜ «ደምሴ!» ብዬ ጮህኩ፤ አልሰማኝም። ከዚያ ማንም ሳይነካው በጉልበቱ ተንበረከከና በግንባሩ ተደፋ።

ሃምሳ አለቃ በደስታ ጭኑን መታ። «ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ! ዛሬ ገና ተማረ!»

ይህን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም። ዳኛው እጁን እያወናጨፈ «ተነስ፣ ቀጥሉ!» አለ። ተመልካቹ ሳቀ። ከእነሱ ተጫዋቾች አንዱ በክንዱ ሊጎትተው ሞከረ። ኡጁሉ ግን መጥቶ በጀርባው ገለበጠውና መዳፉን የደምሴ ደረት ላይ አደረገ፤ ወዲያው እሳት እንደነካ ሰው እጁን አነሳ።

«ላብ የለውም!» ብሎ ጮኸ። «ደረቅ ነው! ላብ የለውም!»

ጎሌን ትቼ ሮጥኩ። ስደርስ ደምሴ ዓይኑ ተገልብጧል፣ ቆዳው እንደ ምጣድ ይጋረፋል። ኡጁሉ ማንንም አልጠየቀም። እንደ ጆንያ ትከሻው ላይ ጣለውና ወደ ወንዙ ሮጠ። እኔም ከኋላው። ሃምሳ አለቃ ከኋላችን «ወዴት ነው የምትወስደው? አዞ አለ! ወባ ነው!» ይላል። ኡጁሉ ባሮ ውስጥ እስከ ደረቱ ገባ፣ የደምሴን ጭንቅላት ክንዱ ላይ ይዞ ውሃ እያፈሰሰ በቋንቋው አንድ ነገር ይደጋግማል። እኔም ገባሁ። እግሩን ያዝኩ። አንድ አፍታ ደምሴ ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

«ስንት ደቂቃ ቀረ?» አለኝ።

«አለቀ፤ አሸነፍን» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ክሊኒክ ወሰድነው። ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ደግ ሰው ነበር፤ በረዶ የለ፣ ሐኪም የለ፣ እርጥብ አንሶላ እየለዋወጠ የቻለውን ሁሉ አደረገ። ፀሐይዋ ስትበርድ፣ አዬ፣ ጨዋታው መሆን በነበረበት በዚያ ቀዝቃዛ ሰዓት ደምሴ አረፈ። ሃምሳ አለቃ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ኮፍያውን ያሻል። ሽፈራው መጣና አለቀሰ፤ ውሸት አልነበረም ለቅሶው። ግን እያለቀሰ ምን አለ መሰላችሁ?

«እኛ ምን አደረግን? አንዲት ደንብ አልጣስንም። የእግዜር ሥራ ነው።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኛም ጭምር። የእግዜር ሥራ! ስንት ነገር ነው የምንጭንበት። ሜዳውን ጥለን የወጣን እኛ ስለሆንን ዋንጫው ለእነሱ ተወሰነ። እሱም ደንቡ ነው። እኛ ልጃችንን በዚያው በቡና መኪና ጭነን ዳገቱን ወጣን። ቁልቁል ስንወርድ ያወለቅነውን ሹራብ አንድ በአንድ እየለበስን።

አርባው ዕለት ጎሬ ላይ ዝናብ ነበር። የጋሽ ወልዴ ግቢ ሰው ሞልቷል። አንድ ሰው በስስ ሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ በሩ ላይ ቆመ። ኡጁሉ ነው። ለቀስተኛው ተንሾካሾከ፤ «ከገዳዮቹ አንዱ» ያለም አልጠፋ። እሱ ሰዉን አልፎ ወደ ጋሽ ወልዴ ሄደ።

«አንተ አባቱ ነህ?»

«ነኝ።»

ከብብቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ፈታ። የሰማያዊ ዶቃ ጌጥ ነበር፣ ያረጀ። ጋሽ ወልዴ እግር ሥር አኖረው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ድሙይ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ዝም አይባልም፤ ለደሙ ይሄ ይከፈላል። እህቴ ስታገባ የተሰጠን ነው፤ እኔ በሱ ሚስት ላገባ ነበር። አሁን ያንተ ነው።»

አንዱ ወጣት ፍርፍር ብሎ ሳቀ። «ለሰው ነፍስ ዶቃ!» አለ። ጋሽ ወልዴ በዓይኑ ዝም አሰኘው።

«ልጄ፣ ልጄን የገደልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ብቻ አይደለሁም። ሁላችንም ነን። ሌሎቹ ዋንጫ ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። እኔ አልሄድኩም። ሽፈራው አብደሃል አለኝ።»

ጋሽ ወልዴ ዕንባው መጣ። ዶቃውን አንስቶ እጁ ላይ መለሰለት። «ይቅር ብዬሃለሁ። ያንተ ዕዳ የለብኝም፣ የኔም የለብህም። ሂድ አግባበት፣ ውለድ።»

ከዚህ የበለጠ ደግነት ከየት ይመጣል? እኛ ሁላችን በጋሽ ወልዴ ኮራን። ኡጁሉ ግን ፊቱ ጠቆረ። ወጣና በሩ ላይ ዝናቡ ውስጥ ተቀመጠ። ብንለምነው አልገባም፤ ብንሸኘው አልሄደም። ከደቂቃዎች በኋላ ጎረቤታችን ኦቦ ጉደታ፣ ብዙ የደም ሽምግልና ያየ ሽማግሌ፣ ወደ ጋሽ ወልዴ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ወልዴ፣ ይሄ እኛ ጉማ የምንለው የደም ካሳ ነው። አንተ ምሕረት ያደረግህለት መስሎሃል። እሱ የሰማው ‹እርቅ የለም፤ ደሙ በላይህ ላይ ይኑር› እንዳልከው ነው። ለራስህ አትውሰድ፤ ለሱ ስትል ውሰድለት።»

 ልጅን በዶቃ መለወጥ እንዴት እንደሚከብድ ወላጅ ይወቀው። ከዚያ ጋሽ ወልዴ ጋቢውን እያንዘላዘለ ዝናቡ ውስጥ ወጣና ሁለት እጁን ዘረጋ። ኡጁሉ አስቀመጠለት፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። እስከዚያ ድረስ፣ ባሮም ውስጥ፣ ክሊኒኩም በር ላይ፣ ዕንባ አላየሁበትም ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ በረኛነት ተውኩ። የጫማዬን ክር ሳይፈታ ደግሜ ማሰር አስጠላኝ። ትልቁ ልጄ «ታዲያ ብልጠት የት ቆሞ ማጭበርበር ከየት ይጀምራል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ የደንብ መጽሐፍ አልገልጥለትም። ሽፈራው ደንብ አልጣሰም፤ ሃምሳ አለቃም። ሁለቱ ተባብረው ግን ሰው በሰው እንዳይተማመን አደረጉና፣ እውነተኛ ውሃ ሲመጣ የሚጠጣው ጠፋ፤ እውነተኛ ሕመም ሲመጣም የሚያምነው ጠፋ። እኔ የማውቀው ይሄንን ነው። ከዚህ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ያን ቀን ግን በዚህ አላለቀም። ኡጁሉን አስገብተን እህል ቀረበለት። ጋሽ ወልዴ ከጎኑ ተቀምጦ ብዙ ካቅማማ በኋላ ጠየቀው። እሱ ኳስን የሥራ ፈት ነገር አድርጎ ስለሚያይ አንድም ቀን ሜዳ መጥቶ አያውቅም።

«ልጄ... ይችል ነበር እንዴ?»

ኡጁሉ ጉርሻውን አስቀመጠ። «አንተ አላየህም?»

«አላየሁም።»

ተነሳ። ግቢው መሃል፣ ጭቃው ላይ ወጣ። «እኔ እዚህ ነኝ፣ ከኋላው። ልጅህ እዚህ። ኳስ መጣ። ትከሻውን እንዲህ አደረገ፣ ወደ ግራ። መላ ሰውነቱ ወደ ግራ ሄደ። እኔም ሄድኩ። ኳስ የለም! እሱ በቀኝ ነው!» ረጅም እግሩ ጭቃው ላይ ዞረ፤ ለአፍታ፣ እምላችሁ፣ ደምሴን አየሁት።

«እንግዲያ አታለለህ ማለት ነው?» አለ ጋሽ ወልዴ።

«አዎ፣ አታለለኝ። ግን ፊት ለፊት ነው። እኔ እያየሁት።»

ጋሽ ወልዴ ተከትሎት ወጥቶ ዝናቡ ውስጥ ቆመና፣

«እስቲ ድገምልኝ» አለው።

ኡጁሉም ደገመለት።